ማሞ ያሸነፈበት፣ አበበ የተገለበጠበት ዓመት

ሰው ሲሞት የሕይወት ታሪኩ በአንድ ገጽ ተጽፎ ቀብር ላይ ይነበባል። ቅርጹን የማያውቅ የለም። “ከአባታቸው ከአቶ እገሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት” ብሎ ይጀምራል። ከዚያ የትውልድ ቦታ፣ ከዚያ ሥራ፣ ከዚያ ትዳርና የልጆች ቁጥር። “ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው” ይቀጥላል። መጽናናትን ተመኝቶ ያልቃል። አንባቢው ይቸኩላል፤ ካህናቱ ይጠብቃሉ፤ ከኋላ የቆመው ሰው ግማሹን አይሰማም።

የአባዬንም የእማዬንም የጻፍኩት እኔ ነኝ። “መጻፍ የሚሆንላት እሷ ናት” ተባልኩና ለቅሶ ቤት ፍራሽ ላይ ተቀምጬ፣ ስልኬ ላይ እየነካካሁ ጻፍኩ። አባዬ ያረፈው በ2014 ጥር ላይ ነው። እማዬ በ2015 ክረምት ተከተለችው። ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ላስቀመጣቸው ሰው አንድ ነገር አይገጥምለትም። በእሱ ወረቀት ላይ የተጋቡት በ1960 ዓ.ም. ነው። በእሷ ወረቀት ላይ በ1961።

ይህን ያስተዋሉት የድሮው የእድር ጸሐፊ ብቻ ናቸው። ከእማዬ ቀብር ስንመለስ ጠጋ ብለው፣ “ልጄ፣ እናትሽ ከአባትሽ አንድ ዓመት ዘግይታ ነው እንዴ ያገባችው?” አሉኝ። ሳቅ አመለጠኝ። ለቅሶ ላይ መሳቅ ነውር ነው፤ ግን እሳቸውም ስቀዋል።

አባዬ ከመንዝ የመጣው ገና በጉርምስናው ነው። ያኔ አቃቂ ለአዲስ አበባ ሰው ሌላ አገር ነበረች። ባቡሩ ከ1909 ጀምሮ ሸገር ሲገባና ሲወጣ በአቃቂ በኩል ያልፍ ነበር። ከሐዲዱና ከወንዙ አጠገብ ፋብሪካ ተተከለ። ሠራተኛው ከመንዝ፣ ከሰላሌ፣ ከጉራጌ፣ ከየትም ተሰበሰበ። አባዬም ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ገባ፤ ሽመና ክፍል። እዚያው ጡረታ እስኪወጣ ቆየ። ጆሮው የደከመውም እዚያው ነው። ቤታችን ውስጥ ሁሉም ሰው ጮኾ የሚናገረው ለዚህ ነው። እንግዳ ሲመጣ የተጣላን ይመስለዋል።

እማዬ የዚያው አካባቢ ልጅ ናት። አባቷ ከገላን ወዲህ ጤፍ የሚዘሩ ገበሬ ነበሩ። ኦሮምኛ ስትናገር ቤቷ የገባች ያህል ፊቷ ይፈታል። አባዬ ግን ዕድሜውን ሙሉ እዚያ ኖሮ ኦሮምኛው ከገበያ ዋጋ አላለፈም። ሲጨንቀው “እሷን ጠይቋት” ይላል። መንገድ ላይ ለሚጠይቀው ሰው ሳይቀር።

ሽማግሌ ተልኮ፣ ሰማንያ ተፈርሞ፣ በጥር ተጋቡ። ወሩ ላይ ጠብ የለም። ጠቡ ዓመቱ ላይ ነው።

አባዬ “ማሞ ወልዴ ሜክሲኮ ላይ ያሸነፈበት ዓመት ነው፤ በ60” ይላል። እማዬ “ኧረ የለም! አበበ ቢቂላ መኪናው የተገለበጠበት ዓመት ነው፤ በ62” ትላለች። ይህን ክርክር ከመቼ ጀምሮ እንደሰማሁት አላውቅም። በፋሲካም፣ በእንቁጣጣሽም፣ የእህቴ ሠርግ ላይ ማይክ ተሰጥቷቸውም ተከራክረዋል። አማቾቻችን ፊት! ሁለቱም አይለቁም። አባዬ ቁጥር አለኝ ባይ ነው። እማዬ ደግሞ “አንተ ቁጥር አለህ፣ እኔ ዓይን አለኝ” ትለዋለች።

እሱ ያለ ደብተር አይኖርም ነበር። ደመወዝ፣ ብድር፣ የጣራ ቆርቆሮ ዋጋ፣ ላሟ የወለደችበት ቀን፣ የመንግሥት አዋጅ፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ አለ። በ1967 ጥር ፋብሪካው ሲወረስ ጽፏል። በዚያው ዓመት ሐምሌ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስም ጽፏል፤ ከሥሩ “እኛ ትርፍ የለንም” የሚል ጨምሮበታል። ትርፍ ቀርቶ ቤቱ ራሱ ገና አላለቀም ነበር። በባሕር ዛፍ ማገር ተማግሮ፣ ጭቃና ጭድ ተረግጦ፣ በደቦ የተሠራ ቤት ነው። ጭቃውን የረገጠችው እማዬ ናት፤ ታላቅ ወንድሜን አርግዛ። ይሄ ደብተሩ ላይ የለም። ደብተሩ ላይ ያለው የጭዱ ዋጋ ነው።

እማዬ ያኔ ማንበብ አትችልም ነበር። በ1971 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ቀበሌው ቤት ለቤት እየዞረ መዘገባት። አባዬ መጀመሪያ ደስ አላለውም። ማታ ማታ ስትወጣ ራት ይዘገያል፤ እሱ ደግሞ የሌሊት ፈረቃ ሲሆን ራቱን በልቶ መውጣት አለበት። ቆይቶ ግን ራሱ ፋኖስ እያበራ ያስጠናት ጀመር። እሷ እንደነገረችኝ ያስጠናት የነበረው እየተቆጣ ነው። እሱ እንደነገረኝ ደግሞ እሷ ናት የምትቆጣው።

ፊደል እንደለየች መጀመሪያ ያነበበችው ውዳሴ ማርያም ነው። ሁለተኛው የአባዬ ደብተር። ከዚያ በኋላ ሰላም የለም። “ይሄ ውሸት ነው፤ ላሟ የወለደችው ለማርያም ዋዜማ ነው።” “እዚህ ጋ ለወንድምህ ያበደርከው የታለ? አልጻፍከውም።” አባዬ ደብተሩን ቁም ሳጥን ላይ መስቀል ጀመረ። እሷ በርጩማ ላይ ወጥታ ታወርዳለች። በኋላ በኋላ በእርሳስ ማረም ጀመረች። የእሱ ጽሑፍ በሰማያዊ እስክሪብቶ ነው፤ የእሷ በእርሳስ፣ ፊደሎቹ ትላልቅ፣ መስመር የሚስቱ። አንዳንድ ገጽ ላይ የእሷ ከእሱ ይበልጣል።

ሠርጋቸው ደብተሩ ላይ የለም። መጻፍ የጀመረው ከተጋቡ በኋላ ነውና።

ለቅሶ ቤት የመጣው ሰው ሁሉ “እንዲያው ክፉ ቃል ሳይነጋገሩ ኖሩ” ይላል። ደግ ንግግር ነው፤ የሟች ወግ ነው። እኔ ግን በዚያ ቤት ውስጥ ነው ያደግኩት። ስለ ሬዲዮው ድምፅ ተጣልተዋል። ስለ ኩበቱ ቦታ ተጣልተዋል። የእማዬ የወተት ገንዘብ መቀነቷ ውስጥ ይቋጠራል፤ ስንት እንደሆነ አባዬ ዕድሜውን ሙሉ አላወቀም። እሱም ያበሳጨው ነበር። “የራሴ ቤት ውስጥ ባንክ አለ፤ እኔ ብቻ ደብተር የለኝም” ይላል። የእኔ የኮሌጅ ክፍያ የወጣው ግን ከዚያው መቀነት ነው።

ትልቁ ጠብ የመጣው በእርጅናቸው ነው። ቱሉ ዲምቱ በኮንዶሚኒየም ተሞላች። ከዚያ ተነስቶ አዳማ የሚደርሰው የክፍያ መንገድ ተከፈተ። ጤፍ የነበረው ሁሉ አጥር ሆነ። ደላላ በየበሩ ይቆማል። አባዬ ከጓሮ ያለችውን ሰርቪስ ቤት ከነቦታዋ እንሽጥና ለልጆች እንስጥ አለ። እማዬ “ላሞቼን የት ላስራቸው?” አለች። እሱ “ላም የሚያረባ ሰው አሁን አለ?” አላት። ጥፋቱ እሷ ላይ ነው እንዳልል ላሞቹ አርጅተው ነበር፤ እሷም ጉልበቷን ታማለች። ጥፋቱ እሱ ላይ ነው እንዳልል ደግሞ አባቷ ያርሱት የነበረው መሬት ላይ ፎቅ ሲቆም አይታለች። ግጦሹም የለም፣ ላሞቹ ብቻ ቀርተዋታል።

ብዙ ወራት በእኛ በኩል ተነጋገሩ። “ለአባትሽ ራት ቀርቧል በይው።” “ለእናትሽ ጨው በዝቷል በያት።” አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው! እማዬ በጣም ስትናደድ አንቱ ትለዋለች። ያን ሰሞን አንቱታው ረዘመ። በመጨረሻ ሰርቪሷ አልተሸጠችም። ማን እንዳሸነፈ ግን እስከዛሬ አላውቅም። አባዬ አንድ ማለዳ ተነስቶ የላሞቹን ጋጣ ጣራ መጠገን ጀመረ። እማዬ መሰላሉን ያዘችለት። ስለ ነገሩ የተናገረ ሰው የለም።

አባዬ ከሞተ በኋላ የጡረታው ነገር መጣ። ባለጡረታ ሲሞት ከአበሉ ግማሹ ለሚስቱ ይተላለፋል፤ ሕጉ ግልጽ ነው። ግን ሚስት መሆኗን የሚያሳይ ማስረጃ ይፈለጋል። የሰማንያው ወረቀት ደግሞ ጣራው ባፈሰሰበት አንድ ክረምት ረጥቦ ጠፍቷል። ልጆች ወልዳ፣ የልጅ ልጅ አይታ፣ ባሏን ቀብራ፣ እማዬ ማግባቷን ማስረዳት ነበረባት። ተናደደች። “ልጆቹስ ከየት መጡ ሊሉኝ ነው?” አለች።

የቤተሰብ ሕጉ ግን መውጫ አለው። ወረቀት ለሌለው ሰው፣ ሁለቱ እንደ ባልና ሚስት ሲኖሩ እንደነበር፣ ቤተዘመዱና ጎረቤቱም እንደዚያ ሲያያቸው እንደኖረ በምስክር ማስረዳት ይቻላል። እኔ ይሄን ስሰማ ደስ አለኝ። ትዳር ማለት ጎረቤት የሚያውቀው ነገር ነው ብሎ ሕግ መጻፉ፣ ከዚያ ሁሉ ደረቅ ቋንቋ ውስጥ ልክ ሆኖ አገኘሁት። የእኛን ቤት ጩኸት የሰማ ጎረቤት ሁሉ ምስክር ይሆናል።

ፍርድ ቤቱ በር ላይ ማመልከቻ የሚጽፉ ሰዎች አሉ። ከጃንጥላ ሥር፣ ፕላስቲክ ወንበር ላይ። እኛን የጻፉልን ሰውዬ ዕድሜያቸው ገፍቷል። “እማማ፣ በስንት ዓመተ ምሕረት ተጋባችሁ?” አሏት።

“አበበ ቢቂላ መኪናው የተገለበጠበት ዓመት ነው ወንድሜ። እኛ በጥር፣ እሱ በመጋቢት። 62 ነው።”

ሰውዬው ቀና አሉ። “የአበበ አደጋ እኮ 61 ነው።”

እማዬ አልወደደችውም። ከዚያ እንደ ማስረጃ ነገር፣ “ሟቹ ደግሞ ማሞ ወልዴ ያሸነፈበት ነው፣ 60 ነው ይል ነበር” አለቻቸው። ይህን ያለችው የእሱ ስህተት የባሰ መሆኑን ለማሳየት ይመስለኛል።

“እሱም 61 ነው!” አሉ ሰውዬው። “ጥቅምት ላይ ማሞ፣ መጋቢት ላይ አበበ። አንድ ዓመት ነው እኮ፣ እማማ።”

እኔ ስልኬን አውጥቼ አየሁ። እውነታቸውን ነው። የሜክሲኮው ማራቶን ጥቅምት 10 ቀን 1961 ነው። አበበ እግሩን ታሞ 17ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ አቋረጠ። ማሞ በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ጨርሶ ወርቁን ወሰደ። በዚያው ዓመት መጋቢት አበበ ቮልስዋገኑን ሲነዳ ተገለበጠ፤ ከዚያ በኋላ በእግሩ አልቆመም። እንግሊዝ አገር ድረስ ተወስዶ ታክሟል። ያረፈው በ1966 ጥቅምት ነው። የእማዬና የአባዬ ጥር መሃሉ ላይ ነው።

እማዬ ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ “እና በከንቱ ነው የተጨቃጨቅነው?” አለች። ሰውዬው መልስ አልነበራቸውም። ማመልከቻውን ጻፉ፤ 1961 ብለው።

ሁለቱም በቁጥር ተሳስተዋል፤ በነገሩ ሁለቱም ልክ ናቸው። እኔን ያስገረመኝ ግን ለምን አንዱ ማሞን፣ አንዷ አበበን ያዘች የሚለው ነው። በታክሲ ስንመለስ ጠየቅኳት።

ሜክሲኮ ከሰዓት በኋላ የተሮጠው ሩጫ እኛ ጋ እኩለ ሌሊት ነው። አባዬ ያን ሌሊት ፈረቃ ላይ ነበር። ጠዋት ሲወጣ ዘበኛው በር ላይ ሬዲዮ ከፍቶ ሠራተኛው ተሰብስቧል። አበበ ማቋረጡን ሰምተው አዘኑ፤ ማሞ ማሸነፉን ሰምተው ጨፈሩ። ከጓደኞቹ ጋር በዚያ ጠዋት ጠጅ ቤት ገቡ። ይሄን እሱ ራሱ ሺህ ጊዜ ነግሮናል። ያኔ ላጤ ነው። ሽማግሌዎቹ ገና አልተላኩም።

እማዬ ስለ ማሞ ምንም አታውቅም። አባቷ ቤት ሬዲዮ አልነበረም። ሬዲዮ ያየችው ተድራ ስትመጣ ነው። የሠርጉ ሰው ከተበተነ፣ ሚዜዎቹ ከሄዱ በኋላ ብዙም ያልለመደችው ሰውዬ ጋ ቀርታ ነበር። ሲናገር ይጮኻል። ትፈራዋለች። አንድ ቀን ሬዲዮ ሲያዳምጥ ድንገት አቀረቀረ። አለቀሰ። “አበበ ተገለበጠ” አላት። አበበ ዘመዱ መስሏት እሷም እዬዬ አለች። ጎረቤት ተሰብስቦ “ማን ሞተ?” እስኪል። ከዚያ ሁሉም ሲገባው ሳቁባት። እሱ ግን አልሳቀም።

“ከዚያ በኋላ አልፈራሁትም” አለችኝ። ታክሲው ውስጥ ረዳቱ ሒሳብ እየሰበሰበ ነበር፤ የሁለታችንንም ከፈለች። ከመቀነቷ።

እሱ ሠርጉን ከላጤነቱ በኩል ነው የሚያስበው፤ ከጓደኞቹና ከዚያ ጠዋት ጠጅ በኩል። እሷ ከትዳሩ ውስጥ ሆና። ይህን ለእሱ መንገር አልቻልኩም። እሱ በሕይወት እያለ ጠይቄያት ቢሆን ኖሮስ ትነግረኝ ነበር? አይመስለኝም። በእሱ ፊት ማልቀሱን አታወራም። ክርክሩን መሸነፍ ይሻላታል።

ከዚያ በኋላ ደግሞ ያልጠበቅኩት ነገር መጣ። እማዬ ለእሱ መሟገት ጀመረች። እኛ ልጆቹ ስለ ድሮ ስናወራ የእሷን አነጋገር ነው የምንደግመው፤ ከእሷ ጋር ነው ብዙ ያወራነው። “ላሟ የወለደችው ለማርያም ዋዜማ ነው” እንላለን። “አባታችሁ ግን በጊዮርጊስ ነው ብሏል፤ ጽፎታል” ትላለች። “አንቺ አይደለሽ እንዴ በእርሳስ ያረምሽው?” ስንላት፣ “እሱ የለማ፤ ማን ይናገርለት?” ትለናለች። ሰርቪሷን ሳይቀር “መሸጥ ነበረባት፤ እሱ ልክ ነበር” ማለት ጀመረች። ወንድሜ ያን ሰምቶ ገዥ ሊያመጣ ሲል ግን በሩን ዘጋችበት። የእሱን ሐሳብ ትናገርለታለች እንጂ አትሠራውም።

እሱ ቀድማው ሞታ ቢሆን እንዲህ ያደርግላት ነበር? እህቴ አዎ ትላለች። እኔ እጠራጠራለሁ። አባዬ ደብተሩን አውርዶ የእርሳሱን ጽሑፍ እያነበበ ብቻውን ሲከራከር ነው የሚታየኝ።

እማዬ ስትሞት የእድሩ ጡሩምባ የተነፋው ገና ጎህ ሳይቀድ ነው። በሐምሌ ዝናብ ድንኳን መትከል ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። የወንዶቹ እድር ድንኳንና አግዳሚ አመጣ፤ የሴቶቹ ድስትና ሰሃን። ንፍሮው ከየቤቱ መጣ። ዝርዝሩን እተወዋለሁ። የሟች ቤት ሁሉ አንድ ነው።

አንድ ነገር ብቻ። አባዬ ሲሞት የእድር ቦታውን ታላቅ ወንድሜ ወረሰ። ማንም አልተወያየበትም፤ ወንድ ልጅ ይተካል ተባለ። የእማዬ የሴቶች እድር ግን ባለቤት አጣ። እህቶቼ ሩቅ ናቸው። የወንድሜ ሚስት የራሷ እድር አላት። እኔ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው የምኖረው፤ ፎቁ ላይ ማን ሞተ ማን ቀረ የማይታወቅበት። ሴቶቹ ራሳቸው ደወሉልኝ። “የእናትሽ ስም ይሰረዝ ወይስ?” አሉኝ። እንዲሰረዝ አልፈለግኩም።

አሁን በየወሩ አቃቂ እሄዳለሁ። ከሁሉም ታናሽ ስለሆንኩ ድስት የማጠብ ተራ ሲመጣ ማንም አይቀድመኝም። ባለፈው ወር መንገድ ተዘግቶ ዘግይቼ ደረስኩና ቅጣት ተጻፈብኝ። ገንዘብ ያዧ ካርኒ እየቆረጡ፣ “እናትሽም አርፍዳ ነበር የምትመጣው” አሉ።

ከማዶ አንዷ ብድግ አሉ። “ኧረ በማርያም! እሷ? ከሁላችን ቀድማ ነው የምትገኘው።”

“ላሞቹን ሳታልብ መቼ ትወጣ ነበር?”

“አልባ ነዋ የምትመጣው! አሁን አንቺ ምኑን ታውቂያለሽ?”

ቅጣቴን ከፍዬ ተቀመጥኩ። ስብሰባው ሌላ አጀንዳ ነበረው፤ ድንኳኑ ተቀዷል፣ ይጠገን ወይስ ይለወጥ የሚል። እስከ ምሳ ድረስ አልደረስንበትም።